መኪናው እኩል ነው፤ ሰውየውስ?

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፎርሙላ ዋን የሚያሳይ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንድ ክርክር ሳይሰማ አይወጣም። አንዱ ሾፌሩን ያደንቃል። ሌላው ማኪያቶውን አስቀምጦ «ተወው ባክህ፣ መኪናው እኮ ነው! ያንን መኪና ለእኔ ቢሰጡኝ እኔም አሸንፋለሁ» ይላል። ስሙ ይቀያየራል እንጂ ክርክሩ ያው ነው። ትናንት ሹማከር ነበር፣ ቀጥሎ ሃሚልተን መጣ፣ ከዚያ ቬርስታፐን። እኛም በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተጣልተን ታርቀናል፤ መልስ ግን አላገኘንም። መቼም ሁለቱን ለማወዳደር መጀመሪያ አንድ ዓይነት መኪና ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ፎርሙላ ዋን ደግሞ ይህንን አያደርግም።

የሚያደርግ ግን አለ። ጀርመን ውስጥ ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ፖርሽ ካሬራ ካፕ ዶይችላንድ የሚባል ሻምፒዮና አለ። ሁሉም ተወዳዳሪ የሚነዳው አንድ ዓይነት ፖርሽ 911 ነው። አሸናፊውም ፖርሽ፣ መጨረሻ የወጣውም ፖርሽ። (በነገራችን ላይ፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖርሽ ሲባል ለአዲስ አበባ ልጅ የሩቅ አገር ስም ይመስላል። ነገር ግን በየሰፈራችን ጥላ ሥር ቆመው የኖሩትን ቮልሶች የነደፈው ፌርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ በ1948 የቤተሰቡን ስም የያዘችውን የመጀመሪያ መኪና፣ 356ን፣ ሲሠራ ብዙ ዕቃዋን የወሰደው ከቮልስ ነበር። በ1963 ለሕዝብ የታየችው 911ም የቤተሰቡን ልማድ አልተወችም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሲሊንደሮቿ ግራና ቀኝ የተጋደሙ ናቸው፤ የምትቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነበር። ቮልስ አራት ሲሊንደር፣ 911 ስድስት። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ቮልስ ሲያስነሳ እየሰማ ያደገ ጆሮ የድሮ 911 ድምፅ ሲሰማ ዝምድናውን ይጠረጥራል።

ይህ ከኋላ የተቀመጠ ሞተር ለታሪካችን ዋና ነገር ነው። ጀርባዋ ከባድ ስለሆነ ኩርባ ውስጥ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳ ሰው የመኪናዋ ቂጥ ዞሮ ይቀድመዋል። ከኩርባው ሲወጣ ደግሞ ያው ክብደት የኋላ ጎማዎቹን መሬት ላይ ስለሚጫናቸው እንደ ድንጋይ ትወረወራለች። ስለዚህ መኪናዋ ትዕግሥት ያለውን ትክሳለች፣ የቸኮለውን ትቀጣለች። ሰውን ከሰው ለመለየት የተፈለገ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ይከብዳል።

ሐሳቡን የፈጠሩት ጀርመኖች አይደሉም። በ1966 ፈረንሳይ ውስጥ ሬኖ 8 ጎርዲኒ የምትባለውን ትንሽ ሰማያዊ የቤት መኪና ብቻ የሚያወዳድር ብሔራዊ ዋንጫ ተጀምሮ ነበር። ያሰቡት ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች እንዲሞክሩ ነው። ከዚያ ዋንጫ ከተነሱት አንዱ ዣን ፒየር ዣቡይ ነው፤ በ1979 በዲዦን በቱርቦ ሞተር የተገኘውን የመጀመሪያ የፎርሙላ ዋን ድል ለሬኖ ያመጣው እሱ ነው።

በዚያው በ1979 ቢኤምደብሊው ኤም1 ፕሮካር የሚባል ነገር መጣ። ይሄኛው ከችግር የተወለደ ነው። የቢኤምደብሊው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ዮኸን ኔርፓሽ ኤም1 የተባለችውን መኪና ከፖርሽ ጋር ሊያፎካክራት ፈልጎ ነበር፤ ደንቡ ግን መጀመሪያ 400 መኪና ሠርታችሁ አሳዩ ይላል። እንዲሠራ የተዋዋለው ላምቦርጊኒ ደግሞ በገንዘብ ችግር ተያዘና ነገሩ ዘገየ። መኪናዎቹ እስኪሟሉ እጅ አጣምሮ ከመቀመጥ ለራሳቸው ለኤም1ዎቹ ብቻ ውድድር ተዘጋጀላቸውና በአውሮፓ የፎርሙላ ዋን ቅዳሜዎች ላይ ገቡ። በልምምድ ፈጣን የነበሩ አምስት የፎርሙላ ዋን ሾፌሮች የፋብሪካውን መኪና እየተሰጣቸው ከፊት ይሰለፋሉ፤ የራሳቸውን መኪና ይዘው የመጡት ከኋላ ያሳድዷቸዋል። በ1979 ኒኪ ላውዳ፣ በ1980 ኔልሰን ፒኬ ዋንጫውን ወሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ቀረ። ጥሩ ትርኢት ነበር። ነገር ግን የታወቀውን ሰው አስቀድሞ ፊት የሚያሰልፍ ውድድር ስለ እኩልነት ብዙ ሊነግረን አይችልም። ላውዳን ግን ልብ በሉልን፤ እንመለስበታለን።

ወደ ፖርሽ እንምጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ትልቁ ወሬ ደን ነበር። ጫካችን በአሲድ ዝናብ እየሞተ ነው፣ የመኪና ጭስ ይጣራ፣ ፍጥነትም ይገደብ የሚል ክርክር ፓርላማ ድረስ ገብቷል። ፈጣን መኪና ሸጦ ለሚኖር ኩባንያ ይህ የህልውና ጥያቄ ነው። ያኔ ብዙ ሰው የጭስ ማጣሪያው፣ ካታላይዘር የሚሉት፣ የሞተርን ጉልበት ይበላል ብሎ ያምን ነበር። ፖርሽ በ1986 የ944 ቱርቦ ካፕን ሲጀምር ተወዳዳሪ መኪኖቹን ካታላይዘር ገጥሞ ነው ያሰለፋቸው። ማጣሪያ ታጥቆም መሮጥ እንደሚቻል ገዢው በዓይኑ እንዲያይ ነበር። ለማስታወቂያ ተብሎ የተጀመረ ነገር መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም፤ ከማስታወቂያ የተወለደ ሁሉ መጥፎ አይደለም።

944 ሞተሯ ከፊት ነው። እውነተኛዋን የቤተሰቡን ልጅ፣ 911ን፣ ለማሰለፍ የተወሰነው በ1990 ነው። የውድድሩን አደራ የተሸከመው ዮስት ካፒቶ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የዊሊያምስ ፎርሙላ ዋን ቡድን አለቃ ሆኖ ያየነው ሰውዬ ነው። መኪናዋን ያዘጋጃት ደግሞ ሮላንድ ኩስማውል ነው። የሠሩት ሥራ ከመጨመር ይልቅ መቀነስ ነበር። የመንገዷን ካሬራ 2 ወስደው ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የድምፅ መከላከያውን አወጡ፤ የብረት ቀፎ ውስጧ በየዱ፤ ወደ መሬት ዝቅ አደረጓት። 1350 ኪሎ የነበረችው 1120 ገደማ ሆነች። ሞተሯ ያው 3.6 ሊትር፣ ከ250 ወደ 265 የፈረስ ጉልበት ብቻ ከፍ ያለ። ካታላይዘሩም፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም አልወጡም። የመጀመሪያውን ዓመት ዋንጫ የወሰደው ትልቅ ጢሙ ከስሙ ቀድሞ የሚታወቀው ኦላፍ ማንታይ ነው፤ ኋላ የራሱን ቡድን አቋቁሞ በኑርቡርግሪንግ የ24 ሰዓት ውድድር ደጋግሞ አሸንፏል። በ1991 በ944ቱ ዋንጫ ስሙን የተከለው ሮላንድ አሽ ተከተለ።

እኩል ነው ማለት ቀላል ነው፤ እኩል ማድረግ ነው ሥራው። የውድድር ሰው ሲባል ከደንብ ውስጥ ቀዳዳ በመፈለግ የሚኖር ፍጡር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል፤ ማኅተሙን የነካ ከውድድር ወጣ ማለት ነው። ጎማው ከአንድ አቅራቢ፣ በቁጥር ተመዝግቦ። ነዳጁ አንድ። ከውድድሩ በኋላ መኪናው ይመዘናል፣ ይለካል፣ ይፈተሻል። ለቡድኑና ለሾፌሩ የሚቀርላቸው ትንሽ ነው፦ የጎማ ንፋስ፣ የኋላው ክንፍ ምን ያህል እንደሚቀና፣ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዙት ብረቶች ምን ያህል እንደሚጠነክሩ። ይህችን ትንሽ ነገር በደንብ የሚያስተካክል መሐንዲስ ግን ወርቅ ነው። መኪናዋም ባለችበት አልቆመችም። በ1998 በውሃ የሚቀዘቅዘው ሞተር መጣና የቮልስ ድምፅ አበቃ፤ ጉልበቱ 360 ደረሰ። በ2013 የመጣችው 460፣ በ2021 የመጣችው 510 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ኤቢኤሱ ግን በመሃል ተነጥቆ ለብዙ ዓመታት ሾፌሩ በገዛ እግሩ ብቻ ፍሬን ይዟል። የመንገዱ መኪና እየረዳ፣ የውድድሩ መኪና ደግሞ እየተወው ሄደ ማለት ነው።

አንድ ውድድር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉም እኩል ስለሚፈጥን ማለፍ መከራ ነው፤ ስለዚህ ለሰልፍ በሚደረገው የሰዓት ፈተና ላይ የሰከንድ መቶኛ ክፍል ያሳሳተ ሰው አምስት ስድስት ቦታ ወደ ኋላ ይወርዳል። ለተመልካች ደስ የሚለውም ይህ ነው፤ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። «መኪናዬ ቀርፋፋ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም፤ ወንድሟ ከፊቱ እየሄደች ነው።

እንግዲህ የካፌው ጥያቄ እዚህ መልስ ያገኘ እንደሆነ እንይ። በ1993 ፖርሽ ሱፐርካፕ የሚባል ዓለም አቀፍ ታላቅ ወንድም ተጨመረና በአንዳንድ የፎርሙላ ዋን ቅዳሜና እሁዶች ላይ ከዋናው ውድድር በፊት መሮጥ ጀመረ። ለታዋቂ እንግዳ የሚሰጥ መኪናም ነበረው። በዚያው ዓመት ሞናኮ ላይ ያቺን የእንግዳ መኪና የወሰደው የማክላረን የሙከራ ሾፌር የነበረ አንድ ዝምተኛ ፊንላንዳዊ ነው። ተነሳ፣ በየሳምንቱ በፖርሽ የሚኖሩትን ሁሉ ጥሎ አሸነፈ። ሚካ ሃኪነን ይባላል፤ በ1998 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ያንን ቀን ላየ ሰው ሰውየው መኪናውን እንደሚበልጥ መጠርጠር አልነበረበትም።

የጀርመኑ ዋንጫ የሻምፒዮኖች ዝርዝርም ያንኑ ይናገራል። የ2001 ሻምፒዮን ቲሞ በርንሃርድ፣ የ2004ቱ ማይክ ሮክንፌለር። ሁለቱ በ2010 ከፈረንሳዊው ሮማ ዱማ ጋር በኦዲ ሌ ማንን አሸነፉ፤ በ24 ሰዓት 5410 ኪሎ ሜትር ሸፍነው ከ1971 ጀምሮ ያልተነካውን የርቀት ክብረ ወሰን ሰበሩ። ክብረ ወሰኑ የማን ነበር? የፖርሽ 917። የ2011 ሻምፒዮን እንግሊዛዊው ኒክ ታንዲ በ2015፣ የ2002ቱ ማርክ ሊብ በ2016፣ በርንሃርድ እንደገና በ2017 ሌ ማንን ለፖርሽ አሸንፈዋል። ሬኔ ራስት ደግሞ በ2005 የቮልስዋገን ፖሎ ዋንጫን ወሰደ፤ በ2008 እና በ2012 ካሬራ ካፕን፣ ከ2010 እስከ 2012 ሱፐርካፕን ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ የጀርመን ትልቁን ሻምፒዮና ዲቲኤምን በ2017፣ በ2019 እና በ2020። ኡቬ አልትሰን በ1992 ያነሳውን ዋንጫ በ2007 በአርባ ዓመቱ እንደገና አነሳው። ሆላንዳዊው ላሪ ተን ፎርደ በ2020፣ በ2021፣ በ2023 እና በ2024 አራት ጊዜ አሸነፈ። መኪናው አንድ ሲሆን ውጤቱ ዕጣ ይሆናል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ዝርዝር ደስ አይልም። ያው ሰው ደጋግሞ ነው የሚያሸንፈው።

እዚህ ላይ ብናቆም ክርክሩን አሸንፈን ሂሳብ ከፍለን በወጣን ነበር። ግን አንድ ነገር አስቸገረን። ማትሪክ የተፈተነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የጥያቄ ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ በአስጠኚ ያጠናውና በሻማ ያጠናው ግን አንድ አልነበሩም። ካሬራ ካፕም ከመነሻው መስመር በኋላ ነው እኩል የሚያደርገው። በ2021 የወጣችው መኪና ዋጋ ቀረጥ ሳይጨመር 225000 ዩሮ ነበር። ይህ መኪናዋ ብቻ ናት፤ ሜካኒኩ፣ መሐንዲሱ፣ ጎማው፣ ማጓጓዣው፣ ሆቴሉ፣ ተጋጭታ ስትመጣ የቦዲዋ ሥራ ገና አልተነሳም። ገንዘብ ሞተር ውስጥ መግባት ሲከለከል በሌላ በር ይገባል። ብዙ የተለማመደ፣ የተሻለ መሐንዲስ የቀጠረ፣ አዲስ ዕቃ በየጊዜው የሚቀይር ሰው ቀድሞ ይገኛል። አዘጋጆቹ ይህን አላጡትም። ልምምድ ገደቡ፤ በገዛ ገንዘባቸው ለፍቅሩ ለሚነዱት የቢዝነስ ሰዎች ለብቻ ነጥብ የሚያዝበት ምድብ ከፈቱ፤ ፋብሪካው ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ተስፋ ያላቸውን ወጣቶች እየመረጠ የሚያግዝ ፕሮግራም አቋቋመ። በርንሃርድ፣ ሊብና ሮክንፌለር ሦስቱም በዚያ በር ያለፉ ናቸው። ያ ፕሮግራም ባይኖር ሌ ማንን ያሸነፉት እነሱ ይሆኑ ነበር ወይ? እኛ አይመስለንም።

ሌላም አለ። ከ1990 እስከ 2024 ባሉት የሻምፒዮኖች ስም ዝርዝር ውስጥ አንዲት ሴት የለችም። መሪው ጾታ አይጠይቅም፤ ሞተሩም የታሸገው ለሁሉም ነው። ከእኛ ውስጥ ወንዶቹ «ያው ጉልበት ይጠይቃል» ብለው ሊያልፉት ሞክረው ነበር። እኛ ሴቶቹ አልተስማማንም። ወደ ካሬራ ካፕ የሚደርሰው ልጅ በሰባት በስምንት ዓመቱ አባቱ ጎካርት ላይ ያስቀመጠው ልጅ ነው። ያኔ ጎካርት ላይ ማን ተቀመጠ፣ ማንስ አጥር ይዞ እንዲያይ ተደረገ ነው ጥያቄው። ይህ ጽሑፍ እስኪወጣ ድረስ በዚህ ላይ ስምምነት አልተገኘም።

ወደ ላውዳ እንመለስ ብለን ነበር። በነሐሴ 1 ቀን 1976 ኑርቡርግሪንግ ላይ የላውዳ ፌራሪ ተጋጭታ ስትቃጠል ቆመው ከእሳቱ ካወጡት ሾፌሮች አንዱ እንግሊዛዊው ጋይ ኤድዋርድስ ነበር። ላውዳ ተርፎ ከሦስት ዓመት በኋላ የፕሮካር ሻምፒዮን ሆነ። ጋይ ሾን የሚባል ልጅ ወለደ። ሾን ኤድዋርድስ ፎርሙላ ዋንን አልፎ የፖርሽ ዋንጫዎችን ኑሮው አደረገ። በግንቦት 2013 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የኑርቡርግሪንግን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ስለ ላውዳና ሃንት የተሠራው «ረሽ» የተባለ ፊልም በዚያው ዓመት ሲወጣም ሾን አባቱን ሆኖ ተውኗል፤ ላውዳን ከእሳት የሚያወጣውን ጋይን።

በጥቅምት 2013 ሾን የሱፐርካፕን ነጥብ እየመራ ነበር፤ የቀረው የአቡዳቢው መዝጊያ ነው። በዚህ መሃል አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ሬስዌይ አንድን ወጣት ሾፌር ሊያስተምር ሄደ። መሪው ላይ አልነበረም፤ ከጎን ወንበር ተቀምጦ ነበር። የሚነዱት ያረጀች የካፕ መኪና፣ የ911 ጂቲ3 ካፕ ነበረች። በጥቅምት 15 መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከግድግዳው ጋር ተላተመች፣ ተቃጠለችም። ሾን በ26 ዓመቱ ሞተ። የነዳው ልጅ ክፉኛ ተጎድቶ ተረፈ። አቡዳቢ ላይ ውድድሩ ተካሄደና ሻምፒዮን የሆነው ዴንማርካዊው ኒኪ ቲም ነው፤ በግንቦት ከሾን ጋር በአንድ መኪና ኑርቡርግሪንግን ያሸነፈው ያው ኒኪ ቲም።

ይህንን ያነበብን ዕለት የካፌው ክርክር ትንሽ ዝም ብሎ ነበር። ሻምፒዮን ሊሆን የነበረ ሰው መሪውን ሳይጨብጥ፣ ተወዳዳሪው ሆኖ ሳይሆን አስተማሪ ሆኖ ሞተ። መኪናዋ እኩል ትሁን አትሁን እዚያ ቦታ ላይ ጥያቄ አልነበረም።

ካሬራ ካፕ ዛሬም አለ። ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያ፣ ጣሊያን፣ ሰሜን አሜሪካ የየራሳቸው አላቸው፤ ከ1990 ወዲህ ለዚህ ብቻ የተሠሩት 911ዎች ከ5000 በላይ ሆነዋል። ከድሮዎቹ ሻምፒዮኖች አንዱን ደግሞ ሳናውቀው በየእሁዱ ስናየው ኖረናል። የ1994 ሻምፒዮን በርንድ ማይሌንደር ነው። ማይሌንደር በ2000 ከአልትሰንና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኑርቡርግሪንግን በፖርሽ አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት የፎርሙላ ዋን ሴፍቲ ካርን መንዳት ጀመረ። ለብዙ ዓመት በመርሴዲስ፣ በ2021 ደግሞ በአስተን ማርቲንም። አደጋ ሲኖር መብራቱን አብርቶ ይወጣል፤ ሃሚልተንም ሆነ ቬርስታፐን ከኋላው ተሰልፈው ይከተሉታል፣ ማለፍ አይፈቀድም። ካፌ ውስጥ ያን ሰዓት ሁሉም ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ወይ አስተናጋጁን ይጠራል።

ባለፈው ከመካከላችን አንዷ ወደ ቴሌቪዥኑ እያሳየች «ይሄኛውስ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ከዚያ ነው።